ከደብ ጉድጓድ የወጡት ምሁር፦ ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ (ረሒመሁላህ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሴሚስተር በጥያቄ ሳጥናችን ከገቡት ወረቀቶች ሁለቱ ይህን ጽሑፍ አስጀምረውናል። የመጀመሪያውን የጻፈችው ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት የደረሳት እህት ናት። መርጣው አይደለም የገባችው፤ ውጤቷና ኮታው አገናኝተዋት ነው። ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ስትሄድ አጎቷ «ይሄ የፍሮይድ ትምህርት አይደለም እንዴ? ሃይማኖት በሽታ ነው የሚል ሰው ያስተማረውን ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ብለው ጠየቋት። ግቢ ስትመለስ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስለ ሩሕ ጥያቄ አንስታ «እዚህ የምንማረው ሳይንስ ነው» የሚል መልስ አገኘች። የእሷ ጥያቄ አጭር ነው፦ ዲፓርትመንት ልቀይር ወይስ ልቀጥል?

ሁለተኛው ወረቀት ስም የለውም። ጸሐፊው ወንድም ነው። ውዱእ ማድረግ ከጀመረ እጄ ደርሷል አልደረሰም እያለ እስከ 40 ደቂቃ ይቆያል። ግቢው ውኃ ሲጠፋበት የዶርም ልጆች በጀሪካን ያመጡትን ብቻውን ይጨርሰዋል፤ በዚህም አፍሮ ከሱብሒ በፊት ሰው ሳይነሳ መነሳት ጀምሯል። ሰላት ላይ ሲቆም ደግሞ ኒያዬ ተበላሽቷል እያለ ተክቢራውን ይደጋግማል። ሚድ ፈተናው አምልጦታል። ለአንድ ጓደኛው ሲያዋየው «ዒማንህ ስለደከመ ነው» አለው። ሌላው «ጂን ነው» አለው፤ ሩቅያም ተደረገለት። ለጊዜው ቀለል ብሎት ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ። «ሐኪም ጋ ብሄድ በአላህ ላይ ያለኝ ተወኩል ጎደለ ማለት ነው?» ይላል ወረቀቱ።

እኛ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን ሁለቱንም ጥያቄዎች ሕይወታቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩ አንድ ሰው አሉ። ሱዳናዊው የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰርና የፋኩልቲ ዲን ማሊክ ባቢክር በድሪ ናቸው። የዚህ ወር ደርሳችን ስለ እሳቸው ነው።

የሩፋዓው ቤት

ማሊክ በድሪ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1932 በሱዳን ሩፋዓ ከተማ ተወለዱ። ሩፋዓ ከእኛ ደጋ የሚወርደው ዓባይ በምሥራቅ ዳርቻው ይዟት የሚያልፍ ከተማ ናት። ስለ ልጁ ከማውራታችን በፊት ስለ አባትየው ጥቂት እንበል፤ ያለ አባትየው የልጁ ድፍረት ከየት እንደመጣ አይገባም።

ሸይኽ ባቢክር በድሪ በወጣትነታቸው የመህዲ ሠራዊት ተዋጊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ግብፅ በዘመተው ጦር ውስጥ ነበሩ፤ ጦሩ ቱሽኪ ላይ ሲሸነፍ ተማረኩ። በ1898ቱ የከረሪ ጦርነትም እንግሊዞች ያን ሁሉ ሰው በመትረየስ ሲያጭዱ ከተረፉት አንዱ ናቸው። ሰይፋቸው ከተሸነፈ በኋላ የዞሩት ወደ ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ሩፋዓ ላይ በመጀመሪያ የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቀጥለው የሴቶች ለመክፈት ጠየቁ። የእንግሊዝ ሹማምንት የሕዝቡን ቁጣ ፈርተው ቢያመነቱም እሳቸው ደጋግመው ጠየቁ፤ በመጨረሻም በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ኃላፊነት እንዲያደርጉት ተፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ትምህርት ቤቱ በ17 ልጃገረዶች ሥራ ጀመረ። ዘጠኙ የገዛ ልጆቻቸው፣ ስምንቱ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። «ልጃገረድ ማስተማር ፈሳድ ያመጣል» ለሚላቸው ሰው መልሳቸው የራሳቸውን ልጆች ፊት ማስቀመጥ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ኦምዱርማን ውስጥ ያለው የአሕፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የዚያ ቤት ፍሬ ነው።

ማሊክ የተወለዱት አባታቸው በእድሜ ከገፉ በኋላ ነው። ቤታቸው ቁርኣንና ዘመናዊ ትምህርት የማይጣሉበት ቤት ነበር። ጧት መድረሳ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እያልን ላደግን ለአብዛኞቻችን ይህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ብዙዎቻችን ሁለቱን ደብተሮች በተለያየ ቦርሳ ይዘን ማደጋችን ነው። የሒሳቡ መምህር ስለ መድረሳው አይጠይቅም፤ ኡስታዙም ስለ ሒሳቡ። ማሊክ በድሪ ሁለቱ ደብተሮች አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚፈጠር ሲፈትኑ ኖሩ።

ከቤሩት እስከ ለንደን

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሁለተኛውን በ1958 ከቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያዙ። ዶክትሬታቸውን በ1961 ከእንግሊዙ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ለንደን ውስጥ ደግሞ በሚድልሴክስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት የአእምሮ ሕክምና ክፍል የክሊኒክ ሥልጠና ወሰዱ። ይህን የሆስፒታል ስም ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀደም ካሉት ጥናቶቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 ከአሜሪካዊው ዌይን ዴኒስ ጋር ያሳተሙት ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ሱዳን ውስጥ የሰው ሥዕልና የዘመናዊ ኑሮ መስፋፋት ግንኙነት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1926 ፍሎረንስ ጉድኢናፍ የተባለች አሜሪካዊት ሕፃን ልጅ ሰው እንዲሥል አድርጎ የማሰብ ችሎታውን የሚለካ ፈተና አዘጋጀች። ጣቶቹን ከቆጠረ፣ አንገት ከሠራ፣ ልብሱን ካሳየ ነጥብ ያገኛል። አሁን አስቡት፤ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሎ አይቶ የማያውቅ፣ እርሳስ የያዘው ትናንት የሆነ የገጠር ልጅ ምን ነጥብ ያመጣል? ነጥቡ ዝቅ ሲል አእምሮው ዝቅ አለ ማለት ነው ወይስ የለመደው ነገር ሌላ ነው? ፍየሎቹን በመልክ የሚለይ፣ ጁዝእ ዓማን በቃሉ የያዘ ልጅ በዚያ ወረቀት ላይ ደነዝ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አንድ መለኪያ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሠራ መጠየቅ ከዚህ ይጀምራል፤ የማሊክ በድሪ ሥራ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ ብዙ አልራቀም።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩባቸውን ሀገሮች ብንዘረዝር ገጹ ያልቃል። ቤሩት፣ ዮርዳኖስ፣ ኦምዱርማን የእስልምና ዩኒቨርሲቲ፣ ሪያድ፣ ኢስላማባድ፣ በኋላም ኩዋላ ላምፑርና ኢስታንቡል። በጁባ ዩኒቨርሲቲና በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ሆነው ሠርተዋል። በሱዳንና በሞሮኮ ሆስፒታሎች ውስጥም በሽተኛ እያዩ ሠርተዋል። ለዓለም ጤና ድርጅት በባህላዊ ሕክምና ጉዳይ አማካሪ ባለሙያ ነበሩ። በዩኔስኮ ባለሙያነት ደግሞ የእኛኑ ሀገር ኢትዮጵያን አገልግለዋል፤ ይህን ስንሰማ ደስ ማለቱ አልቀረም።

«ፋሲቅ ፊዚክስ አለ እንዴ?»

በ1960ዎቹ ሳይኮሎጂን በእስልምና ዓይን እንመልከተው ብለው መናገር ሲጀምሩ የሳቀባቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሙስሊም ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ፋሲቅ ፊዚክስ ወይም ካፊር ኬሚስትሪ ከሌለ ሙስሊም ሳይኮሎጂ ከየት ይመጣል ይሏቸው እንደነበር እሳቸው ራሳቸው ጽፈዋል።

እውነት ለመናገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ብንሆን ኖሮ መጀመሪያ የምንስቀው እኛ ነበርን። የብረት ጥንካሬ ሙስሊም ሀገር ስለገባ አይለወጥም። ነገር ግን የዚያው ኢንጂነሪንግ ሌላ ምሳሌ እናንሳ። አለት ላይ ለሚቆም ሕንፃ የተሠራ የመሠረት ዲዛይን በእጃችን ቢኖርና እንዳለ ዋልካ አፈር ላይ ብንሠራው ምን ይሆናል? በክረምት አፈሩ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው ይከተለዋል። የሒሳቡ ቀመር አልተሳሳተም፤ ስለ አፈሩ የተወሰደው ግምት ነው የተሳሳተው። የማሊክ በድሪ መልስ በእኛ አረዳድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ዓይን ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል፣ ነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚያስተላልፍ፣ መረጃ በስታቲስቲክስ እንዴት እንደሚተነተን ሲጠና የየትኛውም ሀገር ሰው የደረሰበት ለሁላችንም ነው። ሳይኮሎጂ «ሰው ማለት ምንድን ነው? ምን ሲሆን ጤነኛ ይባላል?» ወደሚለው ሲሻገር ግን ከስሌት በፊት ግምት ይገባል። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ሃይማኖትን ከምኞት የተወለደ ቅዠት አድርጎ አቅርቧል። ይህ ከላቦራቶሪ የወጣ ውጤት ሳይሆን የራሱ እምነት ነው። ስኪነርና መሰሎቹ ሰውን አካባቢው እንደሚቀርጸው ፍጡር ብቻ ሲያዩት ስለ ፊጥራም ስለ ኃላፊነትም ቦታ አልተዉም። ሙስሊም ተማሪ ይህን ከነርቩና ከስታቲስቲክሱ ጋር በአንድ ጉርሻ ሲውጠው ነው ችግሩ።

እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ለሙስሊም የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ማኅበር ያቀረቡት ንግግር ርዕሱ «ሙስሊም ሳይኮሎጂስቶች በደብ ጉድጓድ ውስጥ» የሚል ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ታስታውሳላችሁ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡመታቸው ከእነሱ በፊት የነበሩትን ስንዝር በስንዝር፣ ክንድ በክንድ እንደሚከተል፣ የደብ ጉድጓድ ቢገቡ እንኳ ተከትሏቸው እንደሚገባ አስጠንቅቀዋል። ደብ የበረሃ እንሽላሊት ናት። ጉድጓዷ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ለሰው የሚጠቅም ነገርም የለበትም። የሐዲሱ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ መከተል ልማድ ሲሆን ሰው ጥቅም የሌለበት ቦታም ይገባል። ንግግሩ አድጎ በ1979 ለንደን ውስጥ «የሙስሊም ሳይኮሎጂስቶች አጣብቂኝ» በሚል መጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ያስቆጣውም ያነቃውም ግን ይኸው ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ሙስሊም ሳይኮሎጂስት የሚያልፍባቸውን ሦስት ደረጃዎች ገልጸዋል። መጀመሪያ ይማረካል። አዲስ ቃላት አግኝቷል፤ የእናቱን ዱዓ ሳይቀር በፍሮይድ ቋንቋ ይተረጉማል። ፍሬሽ እያለን በአንድ ኮርስ ዓለምን ሁሉ ያወቅን የመሰለንን ጊዜ ማስታወስ ነው። ቀጥሎ ሁለቱን ማስታረቅ ይሞክራል፤ ነፍሰል አማራህ የፍሮይድ «ኢድ» ናት፣ ነፍሰል ለዋማህ ደግሞ «ሱፐር ኢጎ» ናት እያለ ያጣብቃል። ላይ ላዩን ያምራል። ነገር ግን በቁርኣን ለዋማህ ባለቤቷን ወደ ጌታው የምትመልስ ነፍስ ስትሆን የፍሮይዱ ሱፐር ኢጎ ከወላጅና ከማኅበረሰብ ቁጥጥር የተፈጠረ ጫና ነው፤ ስማቸው ቢጠጋጋም ሥራቸው አይገናኝም። ብዙ ሙስሊም ምሁር እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደሚቀር ታዝበዋል፤ እኛም በየዩቲዩቡ የምንሰማው አብዛኛው ይኸው ነው። ሦስተኛው ነፃ መውጣት ነው፦ የሚጠቅመውን በማስረጃ መውሰድ፣ የማይጠቅመውን በማስረጃ መተው፣ ከራስ ዒልም ተነስቶ መሥራት።

አንድ ነገር በጣም ያናድዳቸው ነበር። ሃንስ አይዘንክ የተባለው ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1952 የሥነ ልቦና ንግግር ሕክምና ውጤት በማስረጃ አልተረጋገጠም ብሎ ጽፎ በምዕራቡ ዓለም ትልቅ ክርክር አስነስቷል። የፍሮይድን ቲዎሪ ባለቤቶቹ ሲጠራጠሩት ሙስሊሙ ግን በሕይወት እንዳለ ነገር እየዘመረለት ነበር። ባለቤቶቹ ከጉድጓዱ ወጥተዋል፣ ተከታዩ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት እንጨምር። መጽሐፉ አንዳንድ ቦታ ላይ ቃሉ ይከርራል። የተጻፈውም በ1979 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳይኮሎጂ ብዙ ተለውጧል፣ የሃይማኖትን ጥቅም የሚያጠኑ ምዕራባውያንም በዝተዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ይህን መጽሐፍ ሳያነቡት ስሙን ሰምተው «አያችሁ፣ ሳይኮሎጂ ባዶ ነው» የሚሉ ወንድሞች መኖራቸው ነው። እሳቸው ይህን የጻፉት ዶክትሬት ይዘው፣ ለንደን ሆስፒታል ገብተው፣ የትችቱን መብት በሥራ ከገዙ በኋላ ነው። ሳይማሩ መተቸት ሌላ ነገር ነው።

የሚሠራውን አልጣሉም

የፍሮይድ ተቺው ማሊክ በድሪ በክሊኒክ ውስጥ የሚጠቀሙት የባህሪ ሕክምና የሚባለውን ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ በ1958 መጽሐፉ ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፦ የሚፈራው ሰው ሰውነቱ ዘና እንዲል ተደርጎ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚፈራውን እንዲያስብ ይደረጋል፤ ፍርሃቱ በመለማመድ ይደክማል። ማሊክ በድሪ ይህን ዘዴ የሚያሻሽል ጽሑፍ በ1967 «ጆርናል ኦቭ ሳይኮሎጂ» ላይ አሳትመዋል። ዘዴውን የወሰዱት ስለሚሠራ ነው። ኢማም አል ገዛሊም በኢሕያእ ውስጥ መጥፎ ባህሪ በተቃራኒው፣ ያውም ቀስ በቀስ እንደሚታከም ማስተማራቸውን ያውቁ ስለነበር ደግሞ እንግዳ አልሆነባቸውም።

በ1976 ስለ እስልምናና የአልኮል ሱስ መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለ ኸምር የወረዱትን አንቀጾች ቅደም ተከተል በመድረሳ ሁላችንም ተምረናል። በመጀመሪያ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ሰላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻ ጭራሽ ተከለከለ። አነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ያን ዕለት በመዲና መንገዶች ላይ ኸምር ፈሰሰ። አሜሪካ በበኩሏ ከ1920 ጀምሮ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከልክላ፣ የድብቅ ጠመቃና የወንበዴ ቡድን ሲያስቸግራት በ1933 ክልከላውን አነሳች። በአንዱ ልብ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ በሌላው ፖሊስ ብቻ ተልኳል። በፈተና ሰሞን ጫት ቤት የሚያድሩ ወንድሞቻችንን በስድብ ለመመለስ የምንሞክር ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

ስለ ኤድስ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት መጽሐፍም አለ፤ ዛሬ አንገባበትም። «ተፈኩር» የሚለው መጽሐፋቸው ግን መታለፍ የለበትም። በምዕራቡ ዓለም ከ1960ዎቹ ጀምሮ አሮን ቤክና አልበርት ኤሊስ የሰው ስሜት ከሐሳቡ እንደሚመነጭ፣ ሐሳብ ሲታረም ስሜት እንደሚታረም እያሳዩ ነበር። ማሊክ በድሪ ኢብኑል ቀዪም (ረሒመሁላህ) ያንኑ መንገድ ቀድመው እንደገለጹት ያስታውሳሉ፦ ብልጭ ያለች ኸዋጢር ካልተመለሰች ሐሳብ ትሆናለች፣ ሐሳብ ፍላጎት፣ ፍላጎት ቁርጥ ውሳኔ፣ ውሳኔ ተግባር፣ ተግባር ልማድ ይሆናል። ልማድ ከሆነ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው፤ ገና ብልጭ ስትል መመለስ ይቀላል። ተፈኩርንም በአራት እርከን ያስቀምጡታል። መጀመሪያ ነገሩን በስሜት ሕዋስ ማወቅ፣ ሁለተኛ በውበቱ መደነቅ፣ ሦስተኛ ከሠሪው ጋር ማያያዝ፣ አራተኛ ይህ ማያያዝ ተደጋግሞ ልብ የሚኖርበት ሁኔታ መሆን። ሁለተኛው እርከን ድረስ ካፊርም ሙእሚንም እኩል ይሄዳሉ። የሁሉን ነገር ቀመር እያወቅን ሦስተኛው ላይ መድረስ የሚሳነን እኛ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ደጋግመን ብናነበው እንጠቀማለን።

የበልኹ ሐኪም

በ1990ዎቹ ወደ ማሌዥያ ሄደው በዓለም አቀፉ የእስልምና ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። በስተእርጅና ከሠሯቸው ሥራዎች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአቡ ዘይድ አል በልኺ መጽሐፍ ትርጉም ነው። ሲታተም 81 ዓመታቸው ነበር።

አል በልኺ በዛሬዋ አፍጋኒስታን በበልኽ አካባቢ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱ ዓሊም ናቸው። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለው ኪታባቸው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ስለ አካል፣ ሌላው ስለ ነፍስ። በዘመናቸው የነበሩ ሐኪሞች አካልን ብቻ እያከሙ ነፍስን መተዋቸውን ይወቅሳሉ። ሁለቱ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታመማል ባይ ናቸው። ሐዘንን ሲከፍሉ ሰው ሁሉ የሚያገኘውን የተለመደ ሐዘን፣ በታወቀ ምክንያት የመጣ ከባድ ጭንቀትን፣ እና ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ከሰውነት የሚነሳ ትካዜን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ለዚህ ለመጨረሻው የአካል ሕክምናም ያስፈልጋል ይላሉ። ልብ በሉ፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሙስሊም ዓሊም የተከዘን ሰው ሁሉ «ዒማንህ ደከመ» አላሉትም።

ሌላም ምክር አላቸው። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋ ጊዜ ጤናማ ሐሳቦችን አስቦ ማከማቸትና ጭንቀት ሲመጣ ማውጣት አለበት። ከፊዚክስ ፋይናል በፊት ባለው ሌሊት የምናጠናውን ነገር በዚያው ሌሊት የምንፈልግ ሰዎች ይህ ይከብደናል።

አል በልኺ ከጻፏቸው ምዕራፎች አንዱ ስለ ወስዋስ ነው። የማይፈለግ ሐሳብ እየመጣ ሰውን ከሥራው እንዴት እንደሚያግደው ይተነትናሉ። ማሊክ በድሪ መጽሐፉን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ካቀረቡት በኋላ በ2015 የስሜት መታወክ በሽታዎችን በሚያጠና የሕክምና መጽሔት ላይ ይኸው ምዕራፍ ዛሬ ሐኪሞች «ኦሲዲ» ከሚሉት ሕመም ጋር እየተነጻጸረ ተጠንቷል።

ወደ ሁለቱ ወረቀቶች

ያዙልን ያልነውን ሚድልሴክስ ሆስፒታል እዚህ ጋ እናንሳው። በዚያ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቪክተር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 የመታጠብና የመደጋገም ወስዋስ ላለባቸው ሰዎች አዲስ ሕክምና አቀረበ። በሽተኛው የሚያስጨንቀውን ነገር እንዲነካ ይደረጋል፤ ከዚያ መደጋገሙን እንዳያደርግ ይታገዛል። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይጨምራል። ሳይታጠብ ሲቆይ ራሱ ይወርዳል። እየተደጋገመ ሲሄድ ነፍስ ትለምደዋለች። ዛሬም በዓለም ላይ ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ዋና ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው፤ የሚያግዝ መድኃኒትም አለ።

ፊቅሁን ደግሞ እንይ። ሰላት ላይ ውዱኡ መጥፋቱን የተጠራጠረ ሰው ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያገኝ ድረስ ከሰላቱ እንዳይወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ዑለማዎችም ከዚህ «እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም» የሚለውን መርሕ አውጥተዋል። ውዱእ ላይ ከሦስት በላይ መታጠብ ደግሞ በአቡ ዳዉድ ዘገባ ወሰን ማለፍ ተብሏል። ሐኪሙ «አትደጋግም» ይላል፤ ፊቅሁም «አትደጋግም» ይላል። ወንድማችን ሐኪም ጋ መሄዱ ከሸሪዓው እንደመውጣት የታየው ሁለቱ አንድ ነገር እያዘዙት መሆኑን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ሩቅያ ማድረጉ መልካም ነው፤ ሩቅያ የሕክምናን በር አይዘጋም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ግመሏን ማሰርና በአላህ መመካት አብረው እንደሚሄዱም በቲርሚዚ ዘገባ ተምረናል።

ወረቀቱ ስም ስላልነበረው መልሱን ለማድረስ ተቸገርን። በመጨረሻ ከጁሙዓ በኋላ ኡስታዛችን ይህንኑ ጉዳይ ስም ሳይጠሩ ሲያነሱት አንድ ወንድም መጥቶ አነጋገራቸው። የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ቢሮ አብሮት የሄደ ሰው አለ፤ ከዚያም ወደ ከተማው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተላከ። ሕክምናው ወራት ይፈልጋል ተብሏል። አሁን በአንድ ጆግ ውኃ ውዱእ ያደርጋል፤ ዶርም ጓደኛው በር ላይ ቆሞ ሲጨርስ «በቃ» ይለዋል። ደህና ያልሆነባቸው ቀናት አሉ። ያመለጠውን ሚድ የሚፈተንበት ቀንም ተሰጥቶታል። ይህን የምንጽፈው አስፈቅደነው ነው፤ እንዲያውም «ጻፉት፣ እኔ ብቻ የመሰለኝ ጊዜ ነበር» ብሎናል።

እህታችንን በተመለከተ እንደ አቅማችን ይህን እንላለን። ዲፓርትመንት መቀየር የራሷ ውሳኔ ነው፤ ትምህርቱን ስለማትወደው ከቀየረች ምንም አይደለም። ዲኗን ፈርታ ከሆነ ግን የማሊክ በድሪን መጽሐፍ መጀመሪያ ታንብበው፤ የጀመዓችን ላይብረሪ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ አለ፣ ሽፋኑ የተቀደደው እሱ ነው። በዚህ ግቢ ጭንቀቷን ለሴት ሙስሊም ባለሙያ መናገር የምትፈልግና የምታጣ እህት ስንት እንደሆነች እሷ ከእኛ ይልቅ ታውቃለች። ለአጎቷም ስለ ሩፋዓው ሸይኽና ስለ 17ቱ ልጃገረዶች ብትነግራቸው አይከፋም።

ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ በመጨረሻ ዓመታቸው የዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ሳይኮሎጂ ማኅበርን መሥርተው በፕሬዝዳንትነት መሩ፤ ኢስታንቡል በሚገኘው ሰባሀቲን ዛኢም ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2021 ማሌዥያ ውስጥ ወደ አኺራ ሄዱ፤ 89 ዓመት ሊሞላቸው ስምንት ቀን ቀርቷቸው ነበር። አላህ ይዘንላቸው። በ1960ዎቹ ሲስቁባቸው ከነበሩት ተማሪዎች መካከል ኋላ ላይ ራሳቸው በዚህ መስክ መምህር የሆኑ ይኖሩ ይሆን እያልን እናስባለን።

የላይብረሪው ቁልፍ ከዙሁር እስከ ዐስር የእህቶች ተወካይ ጋ፣ ከዐስር በኋላ የወንድሞች ተወካይ ጋ ይገኛል። መጽሐፉን ከሳምንት በላይ አትያዙት፤ ተራ የያዙ ሰዎች አሉ።